የሦስት ቁጥር ሬዲዮ የተበላሸ ዕለት

ሰው ሁሉ በዕድሜው አንድ የሚያፍርበት ቀን አያጣም። የእኔን ለየት የሚያደርገው አምስት የእርሻ ጣቢያ ቁጭ ብሎ ያዳመጠው መሆኑ ነው። እኔ ባልነግራችሁ ሌላ ሰው ይነግራችኋል፤ ሌላ ሰው ሲነግራችሁ ደግሞ የሌለውን ይጨምርበታል። ስለዚህ ከባለቤቱ ስሙት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከኮኪት ወዲያ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ በሚወስደው ቆላ ውስጥ፣ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርት አንድ የመንግሥት እርሻ ነበር። እኔ የዚያ እርሻ የሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርሁ። ጣቢያችን "ሦስት ቁጥር" ይባላል። ሌሎቹ አራቱ ከሸሕዲ አንሥቶ እስከ ገለጉ ድረስ ተበታትነዋል። ጎንደር ከተማ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት "ማዕከል" ነው። ሁላችንም የምንነጋገረው በአንድ መስመር ስለሆነ፣ አንዱ ሲናገር የቀረው ሁሉ ይሰማል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ መዘዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ያኔ ወጣት ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ አዲስ አበባ ጥቂት ወር የሬዲዮ ኮርስ ወስጄ፣ ከዚያ ወዲያ በዓለም የሚቀረኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ድምፄን አወፍራለሁ። መኝታ ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ስሆን እንኳ እንደ ዜና አንባቢ ነበር የምናገረው። ምግብ ቤት ገብቼ "ወጥ ጨምሩልኝ" ስል፣ በሬዲዮ ንግግራችን መጨረሻ እንደምንለው "ተቀበል" ማለት ነበር የሚቀረኝ።

ከሬዲዮው በላይ ግድግዳው ላይ መመሪያ ተለጥፏል። ሬዲዮው ለምርት፣ ለነዳጅ፣ ለመለዋወጫ፣ ለአየር ሁኔታና ለንብረት ብልሽት ብቻ ያገለግላል ይላል። ሰላምታ ክልክል ነው። ከኦፕሬተሩ በቀር ማንም ማይክ አይነካም። ስለ በሽታ መናገር ደግሞ ከሁሉ የባሰ ክልክል ነው፤ ምክንያቱም ጠላት የሠራተኛውን የጤና ሁኔታ ማወቅ የለበትም። ጠላት የእኛን ወባ አውቆ ምን እንደሚያደርግበት ጠይቄ አላውቅም። እንዲያውም ወረቀቱ በዝናብ እንዳይርስ በፕላስቲክ የሸፈንሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ የአምስት ቁጥሩ ኦፕሬተር በበዓል ቀን "እንኳን አደረሳችሁ" ቢል "ከመመሪያ ውጭ!" ብዬ አቋርጬዋለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ እንዲያው አፌን በልቶኝ ነው።

የሚገርመው፣ ማዕከል ላይ የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኞች የሚያክሙ ዶክተር ነበሩ። ክፍላቸው ከሬዲዮው ክፍል ጋር ጎን ለጎን ነው። በዶክተሩና በሬዲዮው መካከል የነበረው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ግን ያ ግድግዳ ከራስ ዳሸን ይበልጥ ነበር። የእኛ ሐኪም ማሞ የሚባል ድሬሰር ነው። ቁስል ያጥባል፣ የወባ ክኒን ይሰጣል፣ መርፌ ይወጋል። ከዚያ የከበደ ነገር ሲመጣበት "ጎንደር ውሰዱት" ይላል። በበጋ ጥሩ ምክር ነው። ክረምት ሲገባ ግን የቆላው ዋልካ መኪናውን እስከ ጎማው ይውጠዋል፣ ወንዙም ይሞላል፤ ያኔ "ጎንደር ውሰዱት" ማለት "እግዜር ያውቃል" ማለት ነው።

አሁን ወደ ልቤ ጉዳይ ልምጣ። የማዕከሏ ኦፕሬተር የሺ ትባላለች። አይቻት አላውቅም፤ የማውቀው ድምፅዋን ነው። ሰላምታ ክልክል፣ ጨዋታ ክልክል በሆነበት መስመር ላይ ሰው እንዴት ይፋቀራል ትሉኝ ይሆናል። የአየር ሁኔታ ተፈቅዷል አላልኋችሁም? ሌሎቹ ኦፕሬተሮች "ደመናማ፣ ተቀበይ" ብለው ሲገላገሉ፣ እኔ ደመናውን ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ፣ ምን እንደሚመስል፣ ሲሄድ ምን እንደተሰማኝ ጭምር ሪፖርት አደርግ ነበር። እሷም እስክጨርስ ትታገሠኝና "ተሰምቷል፣ ሦስት ቁጥር" ትላለች። "ተሰምቷል" የምትለውን ቃል ትንሽ ትጎትታታለች። እኔ ሞኙ በዚያች መጎተት ላይ ጎጆ ቀልሼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ክርስትና አስነሥቼ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላል ያገሬ ሰው። የዚያ ዓመት መስከረም እኔን ሲጠብቅ ኖሯል።

ነገሩ የጀመረው በወይካ ነው። የወይካ ወጥ ታውቃላችሁ አይደል፣ ሱዳኖች የሚወዱት የሚዝለገለገው። እኔና የጣቢያው ካድሬ ጓድ ታምሬ አብረን በላን፤ አብረን ሆዳችንን ታመምን። ማሞ ጋ ሄጄ "ሆዴ ተበላሸ" ማለት እኔን ለሚያህል ኦፕሬተር አይመጥንም ብዬ፣ ከመተማ ሳሙናና ሽቶ እያመጣች የምትሸጥ ሐዋ የምትባል ነጋዴ ዘንድ ሄድሁ። ጽሑፉ ዓረብኛ የሆነ ክኒን ሰጠችኝ። "በቀን አንዲት ብቻ" አለችኝ። እኔ ግን የተማርሁ ሰው ነኝ፤ አንዲት ክኒን ለገበሬ ነው ብዬ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ዋጥሁ። የሆድ ቁርጠቱ ቀጥ አለ። በማግሥቱ ደግሞ ሌላውም ነገር ሁሉ ቀጥ አለ።

ሽንት እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጓሮና ቤት ስመላለስ ዋልሁ። በነጋታው ጠዋት ሆዴ ከእምብርቴ በታች እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ ጎብጬ እየሄድሁ፣ ላቤ እየተንቆረቆረ ማሞ ዘንድ ደረስሁ። ዳበሰኝና ፊቱ ተለወጠ።

"ፊኛህ ሞልቷል። ማስወጫው ቱቦ ደግሞ የለኝም።"

"ካልወጣስ?"

"ኩላሊትህን ያበላሸዋል። ከዚያ ወዲያማ..." ብሎ ዝም አለ። ማሞ ዝም ሲል ያስፈራል፤ ወሬኛ ነው።

የእርሻው ሥራ አስኪያጅ ጋሽ ይርጋ ተጠሩ። ሽማግሌ ናቸው፤ መፋቂያ ከአፋቸው አይለይም። መንገዱን ጠየቁ፤ ወንዙ ከትናንት ጀምሮ ሞልቷል፣ ትራክተር እንኳ አያሻግርም አሏቸው።

"ሌላ መላ የለህም?" አሉት ማሞን።

"ከእምብርት በታች በረጅም መርፌ ወግቶ መቅዳት ይቻላል።"

"ሠርተኸው ታውቃለህ?" አልሁት እኔ።

"ኮርስ ላይ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።"

"አይተሃል?"

"ሰምቻለሁ ነው የምልህ፣ ደጀኔ።"

እኔ የዚያን ጊዜ የሞት ፍርሃት ምን እንደሆነ አወቅሁ። ኩራቴም፣ የወፈረ ድምፄም አብሮ ተነነ። "ዶክተሩ ይጠየቁልኝ" አልሁ እንደ ሕፃን።

ጓድ ታምሬ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። "መመሪያው አይፈቅድም። በሽታ በአየር አይነገርም። ይኸው፣ በፕላስቲክ የሸፈንኸው አንተው ነህ።"

ክፉ ሰው አልነበረም ታምሬ። ፈሪ ነበር፤ በዚያ ዘመን ማን ፈሪ ያልነበረ አለ። ጋሽ ይርጋ መፋቂያቸውን ከአንዱ ጉንጫቸው ወደ ሌላው አዘዋወሩ።

"ታምሬ ልጄ፣ ንብረት ሲበላሽስ በሬዲዮ ይነገራል?"

"አዎ፣ ተፈቅዷል።"

"ሬዲዮው የመንግሥት ንብረት ነው?"

"እንዴታ።"

"ከደጀኔ በቀር የሚነካው አለ?"

"መመሪያው ይከለክላል።"

"እንግዲያው ደጀኔ ቢሞት ሬዲዮው ይሠራል?"

ታምሬ አሰበ። "አይሠራም።"

"ስለዚህ ደጀኔ የሬዲዮው አካል ነው። አካሉ ተበላሽቷል። ይህ የንብረት ብልሽት ነው፤ ይተላለፍ" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እንዲህ ሆኜ ከባትሪውና ከአንቴናው ቀጥዬ የመንግሥት ንብረት ሆንሁ። ቅር አላለኝም። ያን ሰዓት ትራክተር ነህ ቢሉኝም እስማማ ነበር።

የሬዲዮው ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነው። ማሞ፣ ታምሬና ጋሽ ይርጋ ተከትለውኝ ገቡ። አረም ለማረም የመጡ የቀን ሠራተኞች ዝናቡ ሥራ ስላስፈታቸው በመስኮቱ ተደርድረው ቆሙ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግሁና ማይኩን ተጫንሁ።

"ማዕከል፣ ማዕከል፣ ሦስት ቁጥር ነኝ። የንብረት ብልሽት አለ፣ ተቀበይ።"

"ሦስት ቁጥር፣ ማዕከል። ምንድን ነው የተበላሸው? ተቀበል።"

"ሬዲዮው ነው።"

"ታዲያ በምንድን ነው የምትናገረው?"

"ማለቴ፣ ኦፕሬተሩ ነው የተበላሸው። ኦፕሬተሩ የሬዲዮው አካል ስለሆነ..." የጋሽ ይርጋን ማስረጃ ከላይ እስከ ታች ዘረዘርሁላት። ስጨርስ የሺ እንደ ልማዷ "ተሰምቷል" አለች፤ ዛሬ ግን አልጎተተችውም።

"ብልሽቱ ምን ላይ ነው? ግልጽ አድርግ፣ ተቀበል።"

ወገኖቼ፣ ስለ ደመና ስንት ግጥም የደረደርሁላት ልጅ ናት። ቀና ብዬ ቆርቆሮውን አየሁ። መሬቱን አየሁ። መሬት አልተከፈተችልኝም።

"ሽንቴ ከትናንት ጀምሮ አልወጣም፣ ተቀበይ።"

የቀሩት አራት ጣቢያዎች ትንፋሻቸውን ዋጡ። በመጨረሻ የአምስት ቁጥሩ ኦፕሬተር፣ ያ በበዓል ቀን ያቋረጥሁት፣ ረጋ ብሎ "ከመመሪያ ውጭ!" አለ። ይህን ቃል ሲያጠራቅመው ከርሟል።

"አምስት ቁጥር፣ መስመሩን ልቀቅ። የንብረት ብልሽት ላይ ነን" አለች የሺ። ቁጣዋን ያኔ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። "ሦስት ቁጥር፣ ጠብቅ። ዶክተሩን ልጥራ።"

ዶክተሩ መጡ፤ ግን ማይክ መንካት አይችሉም። ስለዚህ እሳቸው የጠየቁትን የሺ ትደግማለች፣ እኔ ለእሷ እመልሳለሁ፣ እሷ ለእሳቸው ትናገራለች። ሐኪሜ በፍቅረኛዬ አፍ መረመረኝ ብል ይቀላል፤ ፍቅረኛዬ መሆኗን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ትኩሳት አለህ? የለኝም። ደም አይተሃል? አላየሁም። ከዚህ በፊት ስትሸና አቃጥሎህ ያውቃል? አላውቅም አልሁ። ሴት ጋር... ብላ ጀመረችና "ዶክተሩ ናቸው የሚጠይቁት" ብላ ጨመረችበት። ኧረ በፍጹም አልሁ። አራሚዎቹ በመስኮቱ ሳቁ።

"ምን መድኃኒት ወስደሃል?"

ታምሬ አጠገቤ ቆሟል። ክኒኑ ከጠረፍ ማዶ የመጣ ኮንትሮባንድ ነው። "ምንም" አልሁ።

የሺ ለዶክተሩ ነግራ ተመለሰች። "ምንም ካልወሰድህ ዶክተሩ ጠጠር ሊሆን ይችላል ይላሉ። ድሬሰሩ ረጅሙን መርፌ ቀቅሎ ያዘጋጅ ብለዋል፤ ተቀበል።"

ማሞ እየሮጠ ወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን መድኃኒቱን ነበር የደበቅሁት። ማሞ መርፌውን ይዞ ሲመለስ አየሁት። የመርፌውን ርዝመት አልነግራችሁም፤ ዛሬም ባሰብሁት ቁጥር እየረዘመ ነው የሚመጣው።

የሺ ቀጠለች። "ዶክተሩ አንድ ነገር ይጠይቃሉ። አፍህ ይደርቃል ወይ? ዓይንህስ በቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዝብሃል?"

ደነገጥሁ። ከትናንት ጀምሮ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ መመሪያውንም ማንበብ አቅቶኝ ዝናብ አበላሸው ብዬ ነበር። "አዎ፣ ሁለቱም አሉ" አልሁ።

"እንግዲያው ዶክተሩ ውሸታም ነህ ይላሉ። የራሳቸው ቃል ነው፤ እንደወረደ እንዳስተላልፍ አዘውኛል፣ ተቀበል።"

ጎንደር ቁጭ ብለው ሳያዩኝ አዩኝ። መርፌውን አየሁ፣ ታምሬን አየሁ፣ ሁሉንም ለፈለፍሁ። ወይካውን፣ ሐዋን፣ ዓረብኛውን፣ ጠዋት ሁለት ማታ ሁለቱን። ስጨርስ ታምሬ ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። ታምሬ ግን ዓመድ መስሏል። እጁን ወደ ካኪ ኪሱ ሰደደና ያንኑ የዓረብኛ እሽግ አወጣ።

"ደጀኔ፣" አለኝ በሹክሹክታ፣ "ትናንት ማታና ዛሬ ጠዋት አንዳንድ የወሰደ ሰው ምን ይሆናል በልልኝ።"

"ጓድ፣ አንተ የየትኛው መሣሪያ አካል ነህ?"

"ጠይቅልኝ እንጂ!"

ጠየቅሁለት። የሺ መልሱን ይዛ መጣች። "የሚወስደውን ያቁም፣ ውኃ ይጠጣ፣ ምንም አይሆንም። አንተ ግን፣ ሦስት ቁጥር፣ ሰምተህ ያዝ። ክኒኑ ነው ሽንትህን የያዘው፤ ኃይሉ ሲለቅ ይለቅሃል። እስከዚያ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ እስከ ወገብህ ተቀመጥ። እስከ ከሰዓት ካልወጣ መርፌው የግድ ነው፤ ዶክተሩ ቦታውን እያሳዩ ያስወጉሃል።"

ውኃው ውስጥ መቀመጥ ቀላል ነው ትሉ ይሆናል። ግን ክፍት ጥሪ ያለበትን ሬዲዮ ጥሎ መሄድ ክልክል ነው፣ ሌላ ሰው ደግሞ አይነካውም። ስለዚህ ውኃው ወደ እኔ መጣ። የናፍጣ በርሜል ለሁለት የተቆረጠ አመጡና ከሬዲዮው ፊት አስቀመጡት፤ ከወጥ ቤት የሞቀ ውኃ ሞሉበት። የኢትዮጵያ ወጣት፣ የሦስት ቁጥር ኦፕሬተር፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ፣ ማይክ በእጁ፣ ከወገብ በታች ነጠላ አሸርጦ ግማሽ በርሜል ውስጥ ተዘፈዘፈ። ውኃው ላይ የናፍጣ ቅባት ይንሳፈፍ ነበር።

ተቀመጥሁ። ምንም የለም። ውኃው ሲበርድ ቀየሩልኝ። ምንም የለም። ጋሽ ይርጋ "አይዞህ፣ ታገል" ይላሉ። ታምሬ "ጓድ፣ ቆራጥነት ያስፈልጋል" ይላል። ማሞ መርፌውን ደግሞ ይቀቅላል። በመስኮቱ ያሉት አራሚዎች "ገና ነው?" ይባባላሉ። በመስመሩ ደግሞ አራት ቁጥር "ማዕከል፣ የሦስት ቁጥር ሁኔታ ምን ደረሰ?" ብሎ ይጠይቃል። ሕመሙ ጥርሴን አፋጨኝ፤ አልቅሻለሁ፣ አልዋሻችሁም። እናቴን ነበር የማስበው። ደባርቅ ላይ ቀብሬ የመጣኋትን እናቴን።

ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ወደ ከሰዓት ስታዘነብል የሺ ጠራችኝ። "ዶክተሩ ሰዎቹ ሁሉ ይውጡ ይላሉ። ሰው እያየው የሚሸና የለም።"

ጋሽ ይርጋ ሁሉንም ነዱልኝ፣ መስኮቱም ተዘጋ። ብቻዬን ቀረሁ። አሁንም እምቢ አለ። ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ ግን መናገሩ ከሞት ይከብድ ነበር።

"የሺ" አልሁ። በስሟ ስጠራት የመጀመሪያዬ ነው፣ ስም መጥራትም ክልክል ነው። "ሰዎቹ ወጥተዋል። አንቺ ግን አለሽ። አንቺ እየሰማሽኝ አልችልም፣ ተቀበይ።"

ሄደች ብዬ ነበር። ከዚያ ያ የማውቀው ለስላሳ ድምፅ መጣ።

"ደጀኔ፣ ስማኝ። እኔ ማይኩን ስጫን አንተን መስማት አልችልም፤ ማንም ጣቢያ አይሰማህም። ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። አሁን ተጭኜ እይዘዋለሁ፣ አልለቀውም። ታናሽ ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ዓይንህን ጨፍን።"

ከዚያ ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ከጆግ ወደ ኩባያ ውኃ ማንቆርቆር ጀመረች፤ በማዳመጫዬ ኩልል ሲል ይሰማኛል። በላዩም፣ እናቶች ሕፃን አቅፈው ደጅ ሲያሸኑ እንደሚሉት፣ "ሽሽሽ... ሽሽሽ..." ትል ጀመር። ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል። መመሪያው ላይ ይህን የሚከለክል ቃል አልነበረም፤ የጻፈው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል ብሎ አላሰበም።

እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሆዴ ውስጥ የተቋጠረው ነገር መጀመሪያ ጠብ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ፣ ከዚያ፣ ምን ልበላችሁ፣ የሽንፋ ወንዝ በክረምት እንደሚወርደው ወረደ። እያለቀስሁም እየሳቅሁም ነበር። እሷ ደግሞ አታውቅም፤ "ሽሽሽ" ትላለች። የጆጉ ውኃ አልቆም "ሽሽሽ" ትል ነበር።

በመጨረሻ ማይኩን ለቀቀችው። "ሦስት ቁጥር፣ ሁኔታውን አሳውቅ፣ ተቀበል።"

"ማዕከል፣ ብልሽቱ ተስተካክሏል።"

"ተሰምቷል" አለች። ጎተተችው፤ ከመቼውም በላይ ጎተተችው። "ዶክተሩ መጠኑ ስንት ነው ይላሉ?"

"መለካት አልተቻለም። የበርሜሉ ውኃ ግን ከፍ ብሏል፣ ተቀበይ።"

አራቱ ጣቢያዎች አንድ ላይ ማይካቸውን ተጫኑ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነው። በዚያ ዕለት ግን ያ ፉጨት እልልታ መሰለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት በነዳጅ ሪፖርት ሰዓት ሁለት ቁጥር ጉሮሮውን ጠረገና "የንብረት ብልሽት አለኝ። ትራክተር ነጂያችን ታሟል፤ ትራክተሩ ያለ ነጂ አይሠራም" አለ። ዶክተሩ ተጠሩ። በሦስተኛው ቀን የአራት ቁጥር ወጥ ቤት ሠራተኛ የምድጃው አካል ሆነች። ከዚያ በኋላ የጥበቃው ሰው የጠመንጃው አካል፣ ጸሐፊዋም የታይፑ አካል ሆኑ።

አንድ ቀን እንድሪስ የሚባል ከወሎ የመጣ አራሚ ደጄ ላይ ቆመ። ከስቶ አንገቱ መቃ አክሏል፣ መኮትኮቻውን ተደግፎታል። "ትኩሳቱ አልለቀኝም አለ፣ ወንድሜ" አለኝ። "የወባውን ክኒን ውጬ ውጬ ሰለቸሁ። እናንተ ሬዲዮ ላይ ሰው ታድናላችሁ አሉኝ።"

ማይኩን አነሣሁ። ታምሬ እጄን ያዘኝ። "ይሄ የቀን ሠራተኛ ነው። የምንም ንብረት አካል አይደለም። እስካሁን ያለፈው ይበቃል፣ ያስጠይቀናል።"

እውነቱን ነበር፤ እንድሪስ የማንም አካል አልነበረም። አረሙ ሲያልቅ ይሄዳል፤ ቢሞትም የሚጎድል ዕቃ የለም። ያለውን እንዳለ አስተላለፍሁት። "ማዕከል፣ አንድ አራሚ ታሟል። ነገር ግን የንብረት አካል አይደለም፣ ተቀበይ።"

የሺ አልዘገየችም። "በእጁ ምን ይዟል?"

"መኮትኮቻ።"

"መኮትኮቻው የማን ነው?"

"የእርሻው።"

"መኮትኮቻው ያለ ሰው አረም ያርማል ወይ? ተቀበል።"

ታምሬን አየሁት። ታምሬ የክኒኑን እሽግ ትዝ ብሎት መሰለኝ ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ እጄን ለቀቀኝና "አያርምም በላት" አለ።

ዶክተሩ ማሞን የእንድሪስን ሆድ በግራ በኩል፣ ከጎድኑ ሥር እንዲዳብስ አዘዙ። ማሞ "ጠንክሯል፤ እስከ እምብርቱ ወርዷል" አለ። "ወባ አይደለም፣ ጣፊያ የሚያሳብጠው ካላዛር ነው፤ ከቆየ አይተርፍም፣ ወንዙ እንደ ጎደለ ይምጣ" አሉ ዶክተሩ። ወንዙ ሲጎድል በትራክተር ተሳቢ ጭነን ሸሕዲ አደረስነው፤ ከዚያ በመኪና ጎንደር ገባ። በሌላው ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ወፍሮ መጣ፤ መጀመሪያ አላወቅሁትም።

መመሪያው አልተሻረም። በኋላ ማዕከል ራሱ ከነዳጅ ሪፖርት ቀጥሎ "የንብረት ጥገና ሰዓት" የሚባል ፈቀደ እንጂ፣ "በሽታ" የምትለዋ ቃል እስከ መጨረሻው በአየር አልተነገረችም። ያ ሁሉ ሰው የዳነው ንብረት ተብሎ ነው። አንዳንዴ ሳስበው ያስቀኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያንገበግበኛል። ሰው ሰው ስለሆነ ብቻ የማይጠየቅለት ሆኖ፣ የመኮትኮቻ እጀታ ስለሆነ ነው የተጠየቀለት።

ያ ክረምት አልፎ መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲከፈት ጎንደር ወጣሁ። አዲስ ሸሚዝ ለበስሁ፣ ድምፄን እንደ ድሮው አወፍሬ የምናገረውን መንገድ ሙሉ ሳጠና ሄድሁ። የሬዲዮውን ክፍል በር ስከፍት አንዲት ቀጭን ጠይም ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "ሦስት ቁጥር ነኝ" ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም።

ልጅቷ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና "አሁንም አልወጣ አለህ?" አለች።

ያው፣ ተጋባን። ዶክተሩ ሽማግሌ ሆነው ወደ አባቷ ሲላኩልኝ "ልጁን ከውስጥ አውቀዋለሁ" ብለው መሰከሩልኝ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ዛሬ በየኪሳችሁ ስልክ አላችሁ። ያም ሆኖ ባለፈው ገለጉ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አንዲት ነርስ "ዶክተር በስልክ ልጠይቅ ብል ማን ፈቀደልሽ ይሉኛል" ስትል ሰማሁ። ግድግዳው አሁንም አለ ማለት ነው፤ የተለወጠው ጭቃው ነው። እኔ የነገርኋት እንዲህ ነው፦ ማን ፈቀደልሽ ሲሉሽ አትሟገቺ፣ በሽተኛው በእጁ የያዘውን ዕቃ ፈልጊ። አንድ ነገር አያጣም።

የእኔን ነገር ከጠየቃችሁኝ፣ አርጅቻለሁ። ሽንት በዚህ ዕድሜ መልሶ ማስቸገር ጀምሯል፤ ጎንደር ያሉት የዛሬ ዶክተሮች ስሙን ነግረውኛል፣ ክኒኑንም በተጻፈው ልክ እወስዳለሁ። የሺ ደግሞ የልጅ ልጃችንን ታሳድጋለች። ጠዋት ጠዋት ሕፃኑን አቅፋ ጓሮ ትወጣና ቀስ ብላ፣ ሳትቸኩል "ሽሽሽ... ሽሽሽ..." ትለዋለች። ሕፃኑ ገና ሳያስብበት፣ እኔ ሳሎን ካለሁበት ጋዜጣዬን አስቀምጬ እነሣለሁ።